ኢየሱስን በመቀስ፦ ትምህርቱን ከተአምሩ ስትለዩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ወንጌልን እንደ ሥነ ምግባር መጽሐፍ የሚያነብ ቡድን ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። አማኝ አለ፣ የማያምን አለ፣ "እስቲ ልየው" ብሎ የመጣም አለ። የሚያከራክረን አንድ ጥያቄ ነው፦ ከድንግል መወለዱን፣ በውሃ ላይ መራመዱን፣ ከሞት መነሣቱን ሳይቀበሉ ይህ ሰው "እንዲህ ኑሩ" ያለውን መያዝ ይቻላል ወይ?

እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። ተአምራቱን ማመን ካቆምኩ ቆየሁ፤ ትምህርቱ ግን አልለቅ ብሎኛል። የሚያደክመኝ ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያንኑ ስህተት እዚያው ቦታ ላይ ይሠራዋል። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ፤ ቁጣዬ ውስጥ ትንሽ የራሴ እፍረት ካለበት ይቅር በሉኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መቀስ ማንሣት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናደዴ ነው፤ ታገሡኝ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ተአምር ያለበትን ሁሉ ቁረጥ፣ የቀረው ሥነ ምግባር ነው። ፍሬን ከገለባ እንደመለየት። ሁሉም ሰው ይህን ሐሳብ ራሱ ያፈለቀው ይመስለዋል። ቶማስ ጀፈርሰን ግን በ1804፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ሞክሮታል። አልረካም መሰለኝ፣ በ1820 ገደማ፣ ዕድሜው ሰባ ሰባት ሲጠጋ፣ እንደገና ሠራው። የግሪክ፣ የላቲን፣ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን አስቀምጦ፣ በስለት እየቆረጠ፣ በአራት ዓምድ ጎን ለጎን ለጠፈ። 84 ገጽ ሆነ። መጨረሻው ላይ ኢየሱስን ይቀብሩታል፣ በመቃብሩ ደጃፍ ትልቅ ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ ይሄዳሉ። አለቀ። ሦስተኛ ቀን የለም።

ሰውየው ጥንቁቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ቋንቋ ሁለት ሁለት ቅጂ ነው ያዘጋጀው። ለምን ቢባል ቅጠል ሁለት ገጽ አለው፤ ፊቱን ስትቆርጥ ጀርባው አብሮ ይሄዳል። እኔ በወጣትነቴ ይህን ሳላውቅ አንድ መጽሐፍና አንድ መቀስ ይዤ ተቀመጥኩ። ማርቆስ 1 መጨረሻ ላይ ያለውን የለምጻሙን ፈውስ ቆርጬ አወጣሁ። ገጹን ስገለብጠው ኢየሱስ ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ የተቀመጠበት ታሪክ ግማሹ የለም። ምንም ተአምር የሌለበት ታሪክ ነበር እኮ! በራሴ ሳቅኩ፤ በጀርባው በኩል ስለጠፋው። በፊት ለፊቱ ስለጠፋው ማዘን እንደነበረብኝ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

እስቲ የቆረጥኩትን እንየው። ለምጻም መጥቶ ተንበረከከ። ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ አለው። "ኢየሱስም አዘነለት እጁንም ዘርግቶ ዳሰሰውና፦ እወዳለሁ፥ ንጻ አለው።" ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ዳሰሰው። ከዚያ ነው ንጻ ያለው። እጁ ሲያርፍበት ሰውየው ገና ለምጻም ነው። በዘሌዋውያን ሕግ እንዲህ ያለ ሰው ልብሱን ቀዶ፣ ከሰፈር ውጭ ብቻውን ተቀምጦ፣ "ርኩስ ርኩስ" እያለ እንዲጮኽ ታዝዟል። የሰው እጅ ከነካው ስንት ዓመት እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞ ለመፈወስ መንካት አያስፈልግም ነበር። የመቶ አለቃውን ብላቴና ከሩቅ፣ በቃል ብቻ እንደፈወሰ በማቴዎስና በሉቃስ ወንጌል ተጽፏል። ስለዚህ መንካቱን ለተአምሩ ሲል አላደረገውም፤ ለሰውየው ሲል ነው። እኔ ግን "ነጻ" የሚለውን ቃል ለማስወጣት ብዬ "ዳሰሰው" የሚለውን ጣልኩት።

ማርቆስ 3ን ደግሞ ውሰዱ። ምኵራብ ውስጥ እጁ የሰለለች ሰው አለ፤ ቀኑ ሰንበት ነው። "በሰንበት በጎ ማድረግ ተፈቅዶአልን ወይስ ክፉ? ነፍስ ማዳን ወይስ መግደል?" ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ዝም። በልባቸው ድንዛዜ አዝኖ ዙሪያውን በቁጣ ያያቸዋል። መቀሰኛው እዚህ ምን ያደርጋል? ፈውሱን ያወጣና ጥያቄውን ያስቀራል። በጎ የሚደረግለት ሰው የሌለበት የበጎ ማድረግ ጥያቄ! ንግግር ብቻ ሆኖ ቀረ።

ጀፈርሰንም ከዚህ አላመለጠም። ዮሐንስ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አለ። ደቀ መዛሙርቱ "ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?" ይላሉ። ኢየሱስ "አንዳቸውም" ይላል። ጀፈርሰን ይህችን አስቀራት፤ የአካል ጉዳት የኃጢአት ማስረጃ አይደለም የምትል ትልቅ ትምህርት ናትና። ከሦስተኛው ቁጥር በኋላ ግን ቆረጠ። ቀጥሎ የሚመጣው ስለ በጎች በረት የሚናገረው ክፍል ነው። ዕውሩ ሰው እዚያው መንገድ ላይ፣ ዕውር እንደሆነ፣ ማንም ሳያናግረው ቀረ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር መንገዱ ዳር ተቀምጦ ይታየኛል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቡድናችን ውስጥ ትንሽ ዘዴ አለን። አንቀጹን አንቆርጥም። የተአምሩን ውጤት የሚናገረውን መስመር ብቻ በቁራጭ ወረቀት እንሸፍናለን። "ወዲያውም ለምጹ ለቀቀውና ነጻ" የሚለውን ብቻ። ከዚያ እንጠይቃለን፦ ማን ነው የተነካው? ማን ተቆጣ? ለምን? የምንፈልገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከተሸፈነው መስመር በላይ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ማንሣት እንረሳለን።

ተአምሩን "ማስረዳት"

በየዓመቱ አንድ ሰው ይመጣል። ባሕሩ እኮ እዚያ ጋ ጥልቅ አልነበረም ይላል። ወይም አምስቱ እንጀራ ሲወጣ ሕዝቡ አፍሮ የደበቀውን አወጣ እንጂ ምግብ አልበዛም ይላል። አንዱ እንዲያውም የውሃውን ጥልቀት ሊያሰላልን እርሳስ አወጣ። እባካችሁ ተዉ። ጀርመናዊው የሃይማኖት ምሁር ፓውሉስ በ1828 ይህን ሥራ ጨርሶታል፤ የአገሩ ልጅ ስትራውስ ደግሞ በ1835 አፍርሶታል። የስትራውስ ነጥብ ቀላል ነው። ታሪኩ ዓይን ያሳተው ዘጋቢ ያመጣው ወሬ አይደለም፣ ማታለያም አይደለም፤ ሰዎች ስለ እሱ የያዙትን እምነት የተናገሩበት መንገድ ነው። ይህን ስላለ በጀርመኗ ቱቢንገን የነበረውን የማስተማር ሥራ አጣ።

ማብራሪያ ፍለጋው የሚያሳጣችሁ ሌላ ነገር ነው። በአምስቱ እንጀራ ታሪክ ደቀ መዛሙርቱ ሕዝቡን አሰናብትልን፣ ሄደው ይግዙ ይላሉ። እሱ "እናንተ የሚበሉትን ስጡአቸው" ይላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን ተአምር አለ? የእንጀራ ሒሳብ የያዘ ሰው ግን አያያትም።

ትእዛዙን ይዞ ምክንያቱን መጣል

ይሄኛው ከባድ ነው። የሚያናድድ ሳይሆን ከባድ። ኢየሱስ ትእዛዝ ብቻውን ሰጥቶ አይሄድም፤ ከኋላው "ለምን" አለው። ያ "ለምን" ብዙ ጊዜ ሰማይ ላይ ነው ያለው። ምጽዋት በስውር ስጥ፤ ለምን? በስውር የሚያይ አባትህ ይከፍልሃል። ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ፤ ለምን? በሰማይ መዝገብ ታገኛለህ። ጠላትህን ውደድ፤ ለምን? አባትህ ፀሐይን በክፉዎችም በበጎዎችም ላይ ያወጣልና። አባትየውን ካወጣችሁ ትእዛዙ በምን ይቆማል?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኒቼ በ1889 ጆርጅ ኤሊዮትን የተቸው በዚህ ነው። ኤሊዮት የስትራውስን መጽሐፍ በ1846 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመች ደራሲ ናት። እምነቱን ትታ ሥነ ምግባሩን አጥብቃ ያዘች። ኒቼ እምነቱን የተወ ሰው በዚያ ሥነ ምግባር ላይም መብት የለውም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ጥያቄውን ግን ሳይመልሱ ማለፍ አይቻልም። የምንሠራው ስህተት ኒቼን መቃወማችን አይደለም፣ እንዳልሰማን መሆናችን ነው።

አንድ ወጣት ነበረን፣ ቀልደኛ። የስውር ምጽዋቱን ክፍል ስናነብ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ አሳቀን። ጥሩ፣ አልኩት፣ ላሟን ተዋት። ታዲያ አንተ በስውር የምትሰጠው ለምንድነው? በግልጽ ብትሰጥ ሌላውም አይቶ ይሰጥ ነበር። ዝም አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል ዝም አለ። ከዚያ መጣና "ተቀባዩ እንዳያፍር" አለ። የአንድ ዘመዱን ነገር ነገረን፤ በሰው ፊት ተረድቶ ከዚያ በኋላ ከሰው የሸሸ። እንዲህ ያለ "ለምን" የራስ ነው፤ ከመጽሐፉ አልተገለበጠም።

ሁሉም ምክንያት ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም። "ዝናቡ እኮ አይመርጥም፣ እኛም አንምረጥ" ብዬ ስለ ጠላት ፍቅር ለማስረዳት ስሞክር አንዲት ልጅ "ዝናብ የማይመርጠው ግድ ስለሌለው ነው" አለችኝ። ልክ ናት። አባት ያለበት ዝናብና አባት የሌለበት ዝናብ አንድ አይደሉም። እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁላትም።

መጽሐፉ ራሱ አንዳንዴ በር ይከፍታል። ማቴዎስ 25 ላይ ሙሉው መድረክ የፍርድ ቀን ነው፤ ዙፋንም መላእክትም አሉ። መቀሰኛ የሚጣደፍበት ቦታ። ግን የዳኑት ሰዎች ምን እንደሚሉ ስሙ፦ ተርበህ መቼ አይተን አበላንህ? አያውቁም ነበር። ለዋጋ አላደረጉትም። ማንን እንዳበሉ እንኳ ሲነገራቸው ነው የደነቃቸው። በዚያ ሁሉ ሰማያዊ ሥዕል መካከል፣ ሰማይን ሳያስቡ በጎ ያደረጉ ሰዎች ተቀምጠዋል።

የሚጥመውን ብቻ መልቀም

ተአምሩን ያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው እያለ የማይመቸውንም አብሮ ያወጣል። የቀረው ኢየሱስ ለስላሳ ነው፤ ይቅር ባይ፣ ልጆች ወዳድ፣ ማንንም የማያስቸግር። ከሱ ጋር መጣላት አይቻልም። አብሮ መሄድም አያስፈልግም።

ማቴዎስ "በመንፈስ ድሆች የሆኑ ብፁዓን ናቸው" ይላል። ሉቃስ ግን "እናንተ ድሆች ብፁዓን ናችሁ" ብሎ ያቆማል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ "እናንተ ባለ ጠጎች ወዮላችሁ" አለበት። እኔ ለዓመታት የማቴዎስን ብቻ ነበር የምጠቅሰው። ለምን እንደሆነ ስጠየቅ "ግጥማዊ ነው" እል ነበር። ውሸቴን ነው። የሉቃሱ ኪሴን ስለሚነካ ነበር።

እዚህ ላይ ሩሲያዊውን ደራሲ ቶልስቶይን አደንቃለሁ። እሱም ተአምራቱን አውጥቷል፣ ትንሣኤውንም። ያስቀረው ግን ቀላሉን አልነበረም። ከተራራው ስብከት አምስት ትእዛዝ አወጣ፦ አትቆጣ፣ አታመንዝር፣ አትማል፣ ክፉን በክፉ አትቃወም፣ ጠላትህን ውደድ። "አትማል" ስላለ ለመንግሥት መማልን፣ "አትቃወም" ስላለ ፍርድ ቤትንና ጦር ሠራዊትን እስከ መቃወም ሄደ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1901 አወገዘው። ጋንዲ ግን ከመጻሕፍቱ አንዱን በ1894 ደቡብ አፍሪካ ሆኖ አነበበ፤ ከዚያ የመጣውን ዓለም ያውቀዋል። ጀፈርሰን ደግሞ ያን ሁሉ ጥንቃቄ በተሞላ እጁ ሲቆርጥ፣ በዕድሜው ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። ተአምር የሌለበት ወንጌል በእጁ ነበረ፤ ስለቱ እዚያ ድረስ አልደረሰም።

የሌላ ሰው ጉንጭ ላይ መስበክ

አጭር ነው። "ሁለተኛውን ደግሞ አዙርለት" የተባለው የተመታው ሰው ነው። ዳር ቆማችሁ ለሚደበደብ ሰው አዙር ስትሉት የኢየሱስን ቃል ለመቺው አበደራችሁት። ፍርድ የሚሰጥ አምላክ አለ ብላችሁ ካላመናችሁ ደግሞ ለዚያ ሰው ምንም አላስቀራችሁለትም።

"ሁሉም ያው ነው"

ወርቃማው ሕግ፣ ሰው እንዲያደርግልህ የምትወደውን ለሰው አድርግ የሚለው፣ የኢየሱስ ብቻ አይደለም። ኮንፊሽየስ ቀደም ብሎ ብሎታል፤ መጽሐፈ ጦቢት የምትጠላውን በማንም ላይ አታድርግ ይላል፤ አይሁዳዊው መምህር ሂሌልም ከሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተናግሮታል ይባላል። "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" ቀጥታ ከዘሌዋውያን 19 የመጣ ነው። ስለዚህ "ከሱ በፊት ማንም አላለውም" የሚለው አማኝም፣ "እሱ ምንም አዲስ አላለም" የሚለው የማያምንም ተሳስተዋል። ሁለቱም ኢየሱስ አይሁዳዊ መምህር እንደነበር ይረሳሉ። አዲሱ ነገር ብዙ ጊዜ ትእዛዙ ላይ የለም፤ ማንን እንደጨመረበት ላይ ነው ያለው። የሳምራዊው ምሳሌ ላይ ሕግ አዋቂው መጨረሻ ላይ "ምሕረት ያደረገለት" ብሎ ይመልሳል። "ሳምራዊው" የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ያቺን ዝምታ ያላስተዋለ ሰው ምሳሌውን "ደግ ሁኑ" ብሎ ያጥፈዋል።

ሰዓቱን መርሳት

"ለነገ አትጨነቁ" ለኑሮ ዘዴ ተብሎ የተነገረ ምክር አይደለም። የአዲስ ኪዳን ምሁራኑ ዮሐንስ ቫይስ በ1892፣ አልበርት ሽዋይትዘር በ1906 ያሳዩት ይህን ነው፦ ተናጋሪው የዓለም ፍጻሜ ደጃፍ ላይ እንደደረሰ ያምን ነበር፤ ትእዛዞቹም የዚያ ጥድፊያ አላቸው። ይህን ስትሰሙ ሁለት ፈተና ይመጣባችኋል። አንዱ ጥድፊያውን ደብቆ ትምህርቱን ለዘላለም የተዘጋጀ ደንብ ማስመሰል ነው። ሁለተኛው "ከተሳሳተ ይብቃን" ብሎ መጽሐፉን መዝጋት ነው። ሽዋይትዘር ራሱ ኢየሱስ በጊዜው ጉዳይ እንደተሳሳተ ጽፎ፣ ሕክምናም ተምሮ፣ በ1913 አፍሪካ ውስጥ ላምባሬኔ ሄዶ ሆስፒታል ከፈተ። አልዘጋውም።

ብራናውን አለመጠየቅ

"ከእናንተ ኃጢአት የሌለበት" የምትለዋ ታሪክ፣ ሁሉም የሚጠቅሳት፣ በጥንታዊዎቹ የዮሐንስ ቅጂዎች ውስጥ የለችም። መጥቀስ ክልክል አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ ክርክር ማቆም ነው ስህተቱ። ደግሞ በ1945 ግብፅ ውስጥ ናግ ሐማዲ ላይ የተገኘውን የቶማስ ወንጌል "ተአምር የሌለበት ንጹህ ትምህርት" ብላችሁ አትሩጡበት። እውነት ነው፣ 114 አባባሎች ብቻ ናቸው፣ ተአምር የለም። ግን ግማሹን ስታነቡት ተአምሩ ይናፍቃችኋል፤ ምሥጢር በምሥጢር ነው።

አማኙን መናቅ

ሕንዳዊው የለውጥ አራማጅ ራም ሞሃን ሮይ በ1820 ካልካታ ላይ የኢየሱስን ትእዛዞች ብቻ ለይቶ አሳተመ። የተአምር ታሪክ አገሬ ሰዎች ዘንድ ከዚህ የበለጠ ሞልቷል፣ አያስደንቃቸውም አለ። የሴራምፖሩ ሚስዮናዊ ማርሽማን ተቃወመው፤ ሮይም ደጋግሞ መለሰ። እኔ ድሮ ይህን ክርክር ሳነብ ማርሽማንን እንደ ግትር ነበር የማየው። ጥያቄው ግን ግትር አልነበረም፦ ትእዛዙን መፈጸም ያቃተው ሰው ምን ይሁን?

ቡድናችን ውስጥ አንዲት አረጋዊት አሉ፣ እማማ ነው የምንላቸው። የተራራውን ስብከት ስናነብ ጸጥ ብለው ያዳምጡና አንድ ቀን "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ስወድቅስ? እኔ የማምነው ሰው ስወድቅ ያነሣኛል። ያንተው ትእዛዝ ብቻ ይዞ ቆሟል" አሉኝ። ለመመለስ ቸኮልኩ። በቀን ሰባት ጊዜ ይቅር በሉ ተብሏል፣ ሰው ለሰው ይቅር ይላል እማማ፣ አልኳቸው።

"አንተ ይቅር ትለኛለህ?" አሉ።

ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት ተናግረውኝ ነበር፣ ተቀይሜያቸዋለሁ። አውቀው ነው የጠየቁኝ። ሁሉም ያየኛል። አዎ አልኩ፤ እሳቸውም "እስቲ እናያለን" ብለው ገጹን ገለጡ።

ቁራጩን መጣል

ይህን ሁሉ አንብባችሁ መቀሱን የምታነሡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንሡት፣ ሳይሞክሩት አይገባም። የቆረጣችሁትን ግን ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ፣ የምዕራፉን ቁጥር ጻፉበት። እኔ የኔን ጥያለሁ። መጽሐፉ አሁንም አለኝ፤ ማርቆስ 1 ላይ ስንደርስ አጠገቤ ካለው ሰው መጽሐፍ ላይ ነው የማነበው።